ጣሪያችን ውስጥ ንብ ሰፍሯል፤ ሳንገድለው ማስወጣት ይቻላል?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ከሁለት ወር በፊት አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ግቢያችን በንብ ተሞላ። ሲመሽ ጠፋ፤ ሄደ ብለን ረሳነው። ለካ ጣሪያችን ጥግ ላይ ባለች ትንሽ ክፍተት ገብቶ ኖሯል። አሁን በዚያች ቀዳዳ ቀኑን ሙሉ ሲገባና ሲወጣ ይውላል። ማታ ማታ ከመኝታ ቤታችን ኮርኒስ በላይ ድምፁ ይሰማናል። ባለቤቴ መርዝ ነፍተን እንገላገል ይላል። ጎረቤታችን ደግሞ ቀዳዳውን ድፈኑትና በራሱ ያልቃል አለን። እኔ ግን አንጀቴ እምቢ አለኝ። የ4 ዓመት ልጃችን “ንቦቻችን” እያለች ነው የምትጠራቸው። በሌላ በኩል እሷኑ እንዳይነድፉብኝ እሰጋለሁ። ሳንገድላቸው ማስወጣት ይቻላል? ከወጡስ በኋላ ተመልሰው አይመጡም? ማሩስ ይበላል?
የጨነቃት እናት

መልስ፦ ውድ እህቴ፣ አዎ፣ ይቻላል። አንጀትሽ እምቢ ማለቱም ልክ ነው። ለንቦቹ ብቻ ብዬ አይደለም፤ ለቤታችሁም የሚበጀው እሱ ነው። አንድ ነገር ልለምንሽ። ይህን አንብባችሁ እስክትጨርሱ መርዙ አይገዛ፣ ቀዳዳውንም ማንም አይንካው። ሁለት ወር የቆየ ንብ ጥቂት ቀን ቢጨምር ብዙ የሚለወጥ ነገር የለም። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል። ንብ ላይ ይህ ቃል በቃል ሲሆን በዓይኔ አይቻለሁ፤ ትንሽ ቆይቼ እነግርሻለሁ።

ያን ቀን ግቢያችሁን የሞላው መንጋ ነው። አንድ የንብ ቤተሰብ ሲበዛና ቤቱ ሲጠበው ለሁለት ይከፈላል። አሮጊቷ ንግሥት፣ ብዙዎቻችን አውራ የምንላት፣ ግማሽ ያህሉን ወይም ከዚያ በላይ ይዛ ትወጣለች። አሮጌው ቤት ለልጇ ይቀራል። የወጡት መጀመሪያ ቅርንጫፍ ወይም አጥር ላይ እንደ ዘለላ ተንጠልጥለው ያርፋሉ። ከመካከላቸው ጥቂቶቹ ቤት ፍለጋ ይሰማራሉ። ጥሩ ቦታ ያገኘችው ተመልሳ በጭፈራ አቅጣጫውንና ርቀቱን ለሌሎቹ ትናገራለች። የዚህን ጭፈራ ትርጉም የፈታው ካርል ፎን ፍሪሽ እ.ኤ.አ. በ1973 ኖቤል ተሸልሟል። የሚፈልጉት ደረቅና ጨለማ የሆነ፣ ከመሬት ከፍ ያለ፣ 40 ሊትር ያህል የሚይዝ ባዶ ቦታ ነው። መግቢያውም ለመጠበቅ እንዲመች ጠበብ ያለ ይሁን ይላሉ። እስቲ የጣሪያችሁን ጥግ በዚህ ዓይን እይው። የዛፍ ግንድ ውስጥ የሚፈልጉትን ሁሉ እናንተ ጋ አገኙት።

ቅርንጫፍ ላይ እንዳሉ ቢገኙ ኖሮ ነገሩ ቀላል ነበር። መንጋ የሚጠብቀው ልጅም ጎተራም የለውም። ከቤቱ ሲወጣም ለመንገድ የሚሆነውን ማር ጠጥቶ ነው፤ ስለዚህ አብዛኛውን ጊዜ ገራም ነው። ንብ አናቢ ሳጥን ውስጥ አራግፎ ይዞት ይሄዳል። ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ ማለት ይህ ነው። ይህን የምለው እንድትጸጸቺ አይደለም፤ ሌሎች አንባቢዎችም ስላሉ ነው። ነገ ግቢያችሁ ውስጥ እንዲህ ያለ ዘለላ ካያችሁ ድንጋይ አትወርውሩ፣ ውኃም አትርጩ። የዚያኑ ቀን ንብ አናቢ ጥሩ። ዘለላው ከጥቂት ሰዓት እስከ ጥቂት ቀን ነው የሚቆየው።

የናንተ ግን ሁለት ወር ሆኖታል። አሁን ከኮርኒሱ በላይ ሙሉ ቤት ተሠርቷል። የሰም እንጀራዎች ከጣሪያው እንጨት ወደ ታች ተንጠልጥለው፣ ጎን ለጎን ተደርድረዋል። በየመካከላቸው ንቦች ጀርባ ለጀርባ የሚተላለፉባት ጠባብ መንገድ አለች። ከላይ ማር አለ፣ ከሱ ዝቅ ብሎ የአበባ ዱቄት፣ መሐል ላይ ደግሞ እንቁላልና እጭ። ንግሥቲቱ በደህና ወቅት በቀን ከ1,500 በላይ እንቁላል ትጥላለች። እንቁላሏ ሠራተኛ ንብ ሆና እስክትወጣ 21 ቀን ገደማ ይፈጃል። ሠራተኛዋ ሥራ በሚበዛበት ወቅት ዕድሜዋ 6 ሳምንት ገደማ ነው። ስለዚህ ያን ቀን ግቢያችሁ የገቡት አብዛኞቹ አሁን በሕይወት የሉም። ማታ ማታ የምትሰሚያቸው እዚያው እናንተ ጣሪያ ሥር የተወለዱት ናቸው። ልጅሽ “ንቦቻችን” ማለቷ እውነት አላት።

ዛሬ ማታ አንድ ነገር ሞክሪ። ቤቱ ጸጥ ሲል የማይነቃነቅ ወንበር ላይ ቁሚና መዳፍሽን ኮርኒሱ ላይ አሳርፊ። ድምፁ ከሚጎላበት ቦታ ላይ ለብ ብሎ ልታገኚው ትችያለሽ። ውጭው ቢሞቅም ቢበርድም ንቦች እጮቻቸውን የሚያሳድጉት ከ34 እስከ 35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለ ሙቀት ነው። ያቺን ቦታ በእርሳስ አክብቢያት። ጎጆው ከመግቢያው ቀዳዳ አንድ ሁለት ሜትር ርቆ ሊሆን ይችላል። ለሥራ የሚመጣው ሰው ያለ ቦታው ብዙ እንዳይቀድ ያቺ ምልክት ትረዳዋለች። ብቻ ኮርኒሱን አታንኳኪ።

አሁን ወደ መርዙ ልምጣ። ከዓመታት በፊት አንድ ቤት ተጠርቼ ሄድኩ። ባለቤቶቹ ጣሪያቸው ውስጥ የነበረውን ንብ በመርዝ ካስገደሉ ሦስት ሳምንት ሆኗቸዋል። የነፋው ሰው “አልቋል፣ አሁን ነፃ ናችሁ” ብሏቸው ሄዷል። እውነትም ንቡ አልቋል። ሳሎን ስገባ ግን የኮመጠጠና የበሰበሰ ነገር አንድ ላይ ሸተተኝ። ኮርኒሱ መሐል ላይ ቡናማ እድፍ ተንሰራፍቷል። ዓይኔ እያየ ከመብራቱ ጠርዝ አንድ ወፍራም ጠብታ ቀስ እያለ ረዘመ፣ ረዘመና ሶፋው ላይ የተዘረጋው ፕላስቲክ ላይ ጠብ አለ። ማር ነው። ጉንዳኑ በግድግዳው ጥግ ተሰልፎ ይወጣል። ኮርኒሱን ስንከፍተው የሞቱት ንቦች እንደ እርጥብ ገለባ ተከምረዋል። እንጀራዎቹ ተጣጥፈው በላያቸው ወድቀዋል። ከሁሉ የከበደኝ ግን ሌላ ነው። ማሩን ሸትተው የመጡ የሌላ ቤት ንቦች እዚያው እየተንፈራገጡ ነበር። መርዙን እነሱም ቀመሱት፤ ወደ ቤታቸውም ይዘውት የሄዱ አሉ።

ምን ሆኖ መሰለሽ? እንጀራውን ከሙቀት የሚጠብቁት ንቦቹ ራሳቸው ናቸው። ሲሞቅ ውኃ ያመጣሉ፣ በክንፋቸው ያራግባሉ። የሚያራግብ ሲጠፋ የጣሪያ ሙቀት ሰሙን ያለሰልሰዋል። ሰም የሚቀልጠው 63 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ማር የተሸከመ እንጀራ ግን ገና ሳይቀልጥ ለስልሶ ይወድቃል። ማሩ እርጥበት ይስብና ይብላላል። እጩ ይበሰብሳል። ሰም የሚበላው ብል ይመጣል፣ አይጥ ይከተላል። ከዚያ ሁሉ በኋላ ደግሞ የአሮጌ ሰም ጠረን ሌላ መንጋ ይጠራል።

እህቴ፣ ከጽሑፌ አንድ ነገር ብቻ ለባለቤቴ ላንብብለት ብትዪኝ ይህንን ነው። ንቡ ቢሞትም ባይሞትም እንጀራው ከጣሪያችሁ መውጣት አለበት። እንጀራው የሚወጣ ከሆነ ጣሪያው ወይም ኮርኒሱ መከፈቱ አይቀርም። ከተከፈተ ደግሞ ንቦቹን በሕይወት ማውጣት የአንድ ቀን ሥራ ነው። መርዝ ይህን ሥራ አያስቀርላችሁም፤ የሚያቆሽሽባችሁ ብቻ ነው።

የጎረቤታችሁ ምክር በቅን ልብ የተሰጠ ነው፤ ግን ከመርዙም ይብሳል። ቀዳዳው ሲደፈን ከሥራ የተመለሱት በሺህ የሚቆጠሩ ንቦች በር ላይ ይከማቻሉ። ውስጥ የቀሩት ደግሞ ብርሃን ወዳለበት ይሄዳሉ። ኮርኒስ ውስጥ ብርሃን ያለው የት ነው? በመብራቱ ቀዳዳና በስንጥቁ በኩል ነው። በዚያ በኩል መኝታ ቤታችሁ ውስጥ ይወርዳሉ። ማር ስላላቸው ቶሎ አያልቁም። ሲያልቁም ያየሁት ሳሎን ታሪክ ይደገማል።

እንግዲህ ማን ይምጣ? ንብ አናቢ መሆኑ ብቻ አይበቃም፤ ከዚህ በፊት ከቤት ውስጥ ንብ ያወጣ ሰው ፈልጉ። ሲመጣ ሦስት ነገር ጠይቁት። እንጀራውን ሙሉ በሙሉ ታወጣለህ ወይ? ንቦቹን የት ትወስዳቸዋለህ? የከፈትከውን ማን ይዘጋዋል? ለመጀመሪያው ጥያቄ “እኔ ንቡን ብቻ ነው የማነሳው” ካለ አመስግናችሁ ሸኙት። እናንተም አንድ ነገር አትደብቁት፤ ከዚህ በፊት ትንሽም ቢሆን የተነፋ ነገር ካለ ንገሩት። ባለቤትሽ ደፋር ሊሆን ይችላል፤ ግን ይህን ሥራ ራሱ እንዲሞክር አልመክርም። መሰላል፣ የኤሌክትሪክ ሽቦና በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ንብ አንድ ላይ ናቸው።

ጥሩ አናቢ ሞቅ ያለ፣ ዝናብ የሌለበት ቀን ይመርጣል። አበባ በሞላበት ወቅት ከሆነ ደግሞ እሰየው፤ ንቦቹ አዲሱ ቤት ገብተው ቶሎ ያገግማሉ። ከታች በኩል የሚከፍት ከሆነ ክፍሉን ባዶ አድርጉለት፤ በሩን በፕላስቲክ ይሸፍነዋል። መጀመሪያ ጥቂት ጭስ ይሰጣቸዋል። ንብ ስትደነግጥ ሌሎቹን የምትጠራበት ጠረን አላት፤ ጭሱ ያን ጠረን ይሸፍነዋል። ደግሞም ጭስ ሲሸታቸው ማር ወደ መጠጣት ይዞራሉ። የጠገበች ንብ ለመንደፍ አትቸኩልም።

ከዚያ እንጀራውን አንድ በአንድ ይቆርጣል። እንቁላልና እጭ ያለበትን በቀፎው ፍሬም፣ ማለትም በእንጨት ክፈፉ፣ ልክ አስተካክሎ፣ የላዩን ወደ ላይ እንዳደረገ በክር ወይም በላስቲክ ያስረዋል። ንቦቹ በጥቂት ቀን ውስጥ እንጀራውን ከእንጨቱ ጋር ያጣብቁታል፤ ክሩንም ራሳቸው ቆርጥመው ያወጡታል። ማር የሞላውን እንጀራ ክዳን ያለው ባልዲ ውስጥ ያደርገዋል። ቀፎው ውስጥ ቢጨምረው ይሰበርና ንቦቹን ያሰጥማቸዋል። ንቦቹን ራሳቸውን በለስላሳ ብሩሽ ወይም በእጁ እፍኝ እያደረገ ያነሳቸዋል። ኃይሉ በተቀነሰ የአቧራ መምጠጫ ማሽን የሚስቡም አሉ። ዓይኑ ግን ሁልጊዜ ንግሥቲቱን ይፈልጋል። እሷ ቀፎ ከገባች ሌላው ይከተላል።

ከዚህ በኋላ የሚሆነውን እንድታዪልኝ እፈልጋለሁ፤ በመስኮት በኩል ብቻ። ቀፎው ከቀዳዳው አጠገብ ይቀመጣል። በሩ ላይ ጥቂት ንቦች ጭንቅላታቸውን ወደ ውስጥ፣ ጅራታቸውን ወደ ላይ አድርገው ይቆማሉ። ክንፋቸው እስከማይታይ ድረስ ያራግባሉ። ከጅራታቸው ጫፍ የሚወጣው ጠረን “ቤታችን እዚህ ነው፣ ኑ” የሚል ነው። በአየር ላይ ግራ ተጋብተው የነበሩት መውረድ ይጀምራሉ። ከዚያ በእግራቸው፣ እንደ ጅረት፣ ወደ ሳጥኑ ይገባሉ። ብዙ ጊዜ አይቼዋለሁ፤ አሁንም ባየሁ ቁጥር ሥራዬን አቁሜ ነው የማየው።

አናቢው ቸኩሎ አይሂድባችሁ። ከሜዳ ያልተመለሱት እስኪገቡ ድረስ እስኪመሽ ይጠብቅ። ከዚያ በሩን በወንፊት ሽቦ ዘግቶ ይወስዳቸዋል። የሚወስድበት ቦታ ቢያንስ 5 ኪሎ ሜትር ቢርቅ ጥሩ ነው። ንብ የቤቷን ቦታ በቃሏ ነው የምትይዘው። ቅርብ ከተወሰደች በማግስቱ የምታውቀውን መንገድ ይዛ እናንተ ጋ ትመለሳለች።

ጣሪያው በምንም መንገድ የማይከፈት ከሆነ ሌላ ዘዴ አለ። ቀዳዳው ላይ ከወንፊት ሽቦ የተሠራ ቀጭን ቀንድ ይገጠማል። ንቦቹ በጫፉ ይወጣሉ፣ መመለሻው ግን አይገኝላቸውም። አጠገቡ የተቀመጠው ቀፎ ይቀበላቸዋል። ከ4 እስከ 8 ሳምንት ይፈጃል። ንግሥቲቱ አብዛኛውን ጊዜ አትወጣም፣ እንጀራውም እዚያው ይቀራል። ስለዚህ እኔ ሌላ መንገድ ሲጠፋ ብቻ ነው የምመክረው።

ተመልሰው ይመጣሉ ወይ ላልሽው፣ የሄዱት አይመጡም፤ ሌሎች ግን ሊመጡ ይችላሉ። ቤቱን ባዶና መዓዛማ አድርጋችሁ ከተዋችሁት። የተጣበቀው ሰም ተፍቆ ይውጣ፣ ቦታው በሙቅ ውኃና በሳሙና ይታጠብ። ባዶው ቦታ ለጣሪያ በሚሆን ሙሌት ይሞላ፤ ንብ የሞላ ቦታ አትፈልግም። ከዚያ ቀዳዳው ይደፈን፤ አሁን ነው የጎረቤታችሁ ምክር የሚሠራው። ሌላውንም ጠርዝ ዞራችሁ ፈትሹ። እርሳስ የምታስገባ ክፍተት ለንብ ሰፊ በር ናት። የአየር መተላለፊያ ከሆነ ግን አትድፈኑት፤ ቀዳዳው ከ3 ሚሊ ሜትር በማይበልጥ ወንፊት ሽቦ ሸፍኑት። ለጥቂት ቀን አንዳንድ ንብ በድሮው በር ሲዞር ብታዪ አትደንግጪ።

ማሩን በተመለከተ፣ መርዝ ካልነካውና ንጹሕ ከሆነ ይበላል። ትንሽም ቢሆን የተነፋበት ከሆነ ግን እናንተም አትብሉት፣ ውጭ ጥላችሁም ሌላ ንብ እንዲነካው አታድርጉ። 1 ዓመት ላልሞላው ሕፃን ደግሞ ማር፣ ከየትም ይምጣ፣ አይሰጥም።

እስኪወጡ ድረስ ልጅሽን እንዴት ትጠብቂያታለሽ? ከቀዳዳው ፊት ለፊት የሚበሩበት መስመር አለ፤ ልብ ብለሽ ብታዪው ይታይሻል። መጫወቻዋን ከዚያ መስመር አርቂ። በዚያ አካባቢ መዶሻም ሆነ የሚያንቀጠቅጥ ማሽን አይሥራ። በመኝታ ቤቱ መብራት ዙሪያ ያለውን ክፍተት ከውስጥ በፕላስተር ሸፍኑት። ይህንን ዛሬውኑ አድርጉት፤ ብቻ መብራቱን አጥፍታችሁ።

ከነደፏት መንደፊያውን ወዲያው በጥፍርሽ ፈግፍገሽ አውጪው። ተነቅሎ ቆዳዋ ላይ ቢቀርም መርዝ መርጨቱን ይቀጥላል፤ ስለዚህ በምን ላውጣው ብለሽ ጊዜ አታጥፊ። ከዚያ ከቦታው አርቂያት፤ የተነደፈ ቦታ ጠረን ሌሎቹን ይጠራል። እጠቢው፣ ቀዝቃዛ ነገር ያዥበት። ትንፋሽ ካጠራት፣ ከንፈሯ፣ ምላሷ ወይም ፊቷ ካበጠ፣ ሰውነቷ በሙሉ ሽፍ ካለ፣ ካስታወካት ወይም ካዞራት ግን አንድ ደቂቃም አትጠብቂ፤ ወደ ሐኪም ቤት ሩጪ። ብዙ ቦታ ከተነደፈችም ደህና ብትመስል እንኳ ትታይ። ይህ ለአዋቂም ይሠራል። ንቦች ካሳደዱ ደግሞ ፊትን ሸፍኖ ቀጥ ብሎ ቤት መግባትና በር መዝጋት ነው። እጅ ማወናጨፍ ይበልጥ ያስቆጣቸዋል። ውኃ ውስጥ መግባትም አይጠቅምም፤ ወጥተሽ እስክትተነፍሺ ይጠብቁሻል።

በሥራው ቀን ልጅሽ ሌላ ቤት ትዋል። ማታ ስትመለስ “ንቦቻችን የት ሄዱ?” ማለቷ አይቀርም። አናቢውን ከሦስት ሳምንት በኋላ ደውለሽ አዲስ እንቁላል አይቶ እንደሆነ ጠይቂው። አዲስ እንቁላል ካለ ንግሥቲቱ ደህና ናት፣ ቤቱንም ወደውታል። ያን ጊዜ ንገሪያት።